ወደ ላይኛው ማሳ የተጠለፈው ማርክ

ማርክ እንደ ጎርፍ ውሃ ቦይ ተቀዶለት ወደ ሰው ማሳ ሊሄድ እንደሚችል ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የነገረኝ አባቴ ነው። ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለመንደሩ ሁሉ ነገረ፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ብቸኩል ግን ታገሱኝ። እኔ ሰው ፊት ማውራት የማልችል ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄ አይወጣም። አንድ ቀን ስም ሲጠራ «አቤት» ያልኩት ለራሴ ብቻ ነበርና፣ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ ተመዘገብኩ። ቀሪ አይደለሁም ብዬም አልተናገርኩም። ይህን ወሬ ግን ሆዴ ውስጥ መያዝ አቃተኝ። መጻፍ ደግሞ ጥሩነቱ፣ ማንም ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ስሜ ፋጡማ ነው። ቤታችን ከሮቢት ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ ቆላው ላይ ነው። አባቴ ከድር ማሽላ ያመርታል። የእኛ ማሽላ የራሳችን ዝናብ ብቻ አይበቃውም። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ በወንዙ ወደ እኛ ይወርዳል፤ እኛ በቦይ ጠልፈን ማሳችን ውስጥ እናስገባዋለን። ላይ ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል። ታች ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። እኛ ታች ነን። ከአያቴ ጀምሮ ታች ነን። ከእኛ በላይ ያለው ማሳ የጎረቤታችን የአያ ሞላ ነው።

የአያ ሞላ ልጅ ሙሉ ጓደኛዬ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ነን። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ታወራለች። ተስማምተን ነው የምንኖረው።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መማር የፈለገ ቆቦ መሄድ አለበት። ቆቦ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሰይድ የሚባል አጎት አለኝ። እኛ ቤት ሆና ትማር ብሏል፤ ሚስቱም ብላለች። አባቴ ግን ሁለት መንገድ አስቀመጠልኝ። ጭንቅላቷ የሚይዝ ከሆነ ቆቦ ትሄዳለች፤ የማይይዝ ከሆነ ሮቢት ላይ እናቷን ታግዛለች አለ።

እናቴ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። አሸዋ ላይ ዘርግታ ቁጭ ብላ እንዳይመስላችሁ። አውቶቡስ ሲቆም ይሮጣል፣ መስኮት ይንኳኳል፣ ከሁሉም ሻጭ በላይ ይጮሃል። እስቲ አስቡት። «አቤት» ማለት ያቃታት ልጅ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ላይ «ፓፓያ» ብላ ልትጮህ ነው። ፓፓያው እጄ ላይ በስብሶ፣ ዘሩ በቅሎ፣ ሌላ ፓፓያ ያፈራል እንጂ እኔ አልጮህም። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ዋናው ፈተና፣ ወላጆቻችን እስካሁን «ሚኒስትሪ» የሚሉት፣ ሰኔ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት መለማመጃ ሞዴል ፈተናዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን እዚያው ትምህርት ቤታችን ተፈተንን። ሒሳብ ሰማንያ ሁለት አመጣሁ። ሙሉ አርባ አራት አመጣች።

አባቴ ማንበብ አይችልም። ቁጥር ግን አንዴ ከሰማ አይረሳም። ሰማንያ ሁለትን መስጊድ በር ላይ ተናገረ። ሮቢት ገበያ ላይ ተናገረ። ጎብዬ በሬ ሊገዛ ሄዶ፣ በሬውን ሳይገዛ ሰማንያ ሁለትን ተናግሮ ተመለሰ። እናቴ በሬውስ ስትለው፣ ቀንዱ አላማረኝም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ሞዴል መጣ። ይሄኛውን ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተደባልቀን ሮቢት ተፈተንን። ውጤቱ ሲነገር እኔ አርባ ስድስት። ሙሉ ሰማንያ።

ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ያቺው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት፣ ያው ሒሳብ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን ነካት? ሁሉም የየራሱን ምክንያት አመጣ። እናቴ ዓይን ነው አለች። አባቴን ታየውና፣ ስሟን ጎብዬ ድረስ ወስደህ ያስወራህባትን ልጅ ስንቱ ሰው ማሻአላህ አለላት? ቆጥረሃል? ትለዋለች። አጎቴ ሰይድ ደግሞ በስልክ፣ ጭንቅላት እንደ ባጃጅ ነው፤ አንዳንድ ቀን በቁልፍ ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን ካልገፉት አይነሳም አለ። እናቴ ስልኩን ዘጋችበት።

አባቴ ሁለት ቀን ማሳው ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማሽላ በእፍኙ ይዞ መጣና ቁርበት ላይ ተቀመጠ። ፍሬውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ሰማንያ ሁለት ደረደረ፤ አርባ ስድስቱን አነሳ። የቀረውን ቆጠረ። ሠላሳ ስድስት።

«የሙሉ የፊተኛው ስንት ነበር?» አለኝ።

«አርባ አራት።»

«የአሁኑስ?»

«ሰማንያ።»

እንደገና ደረደረ፣ እንደገና አነሳ፣ እንደገና ቆጠረ። ሠላሳ ስድስት። አንድ ፍሬ አልጎደለም፤ አንድ ፍሬ አልተረፈም።

ፊቱ ሲበራ አየሁት። የጠፋ በግ ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። ከእኛ ሠላሳ ስድስት ጎደለ፤ እነሱ ጋ ሠላሳ ስድስት ተገኘ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አለ። ላይኛው ማሳ ነው የጠለፈብን አለ።

ማርክ እንደዚያ አይሄድም ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልመጣም። ደግሞ የሚገርማችሁ ነገር፣ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ፈትሼዋለሁ።

አባቴ ለአያ ሞላ ሰላምታ ነሳ። ጊዜው ደግሞ ግንቦት ነው። የክረምቱ ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ላይኛውና ታችኛው ማሳ ያለው ሰው አብሮ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል። ቦዩ ካልተጠረገ ጎርፉ ሁለቱንም ጥሎ ያልፋል። አባቴ አካፋውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና አልወጣም አለ። አያ ሞላ መጀመሪያ ወሬውን ሲሰሙ ሳቁ። እውነት መሆኑን ሲያውቁ ተቆጡ። የእሱ ልጅ ሰማንያ ሁለት ስታመጣ ከየት አመጣሽው ብዬ ጠይቄያታለሁ? አሉ አሉ።

እኔና ሙሉ ትምህርት ቤት ቧንቧው ጀርባ ተደብቀን ነበር የምንገናኘው። እሷ እየሳቀች፣ ሠላሳ ስድስቱን በፌስታል ላምጣልሽ ወይስ በሁለት ዙር ትወስጂዋለሽ? ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ ሳቋን ታቆምና፣ ቆቦ ብቻዬን ልሄድ ነው እንዴ? ትላለች። ያን ጊዜ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ አበጋር ይባላሉ። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ይቀመጣሉ። የእኛ አካባቢ ዋናው አበጋር ሼህ ይማም ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ ለማን በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ነገሩ ማርክም ውሃም ስለሆነ ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ አልነበረም።

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አባቴና እናቴ፣ አያ ሞላ፣ ሙሉና እኔ፤ የሒሳብ መምህራችን መምህር ደረጀም ተጠርተው መጡ። ዱዓ ተደረገ። አባቴ ተነስቶ የማሽላውን ቆጠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። መምህር ደረጀ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር። ሼህ ይማም ግን አልሳቁም።

«ከድር፣ ውሃ ሲጠፋብህ የሰው ፊት ነው የምታየው ወይስ ቦዩን?» አሉ።

«ቦዩን ነው።»

«ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ነው የምትሄደው?»

«ወደ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ይሄን ቁጥር ወደ ላይ እንከተለዋ።»

መምህር ደረጀን ጠየቁ። ማርክ ከየት ነው የሚመጣው? ከመልስ ወረቀት። የመልስ ወረቀቱስ? ከጥያቄ ወረቀቱ። የጥያቄ ወረቀቱስ የት አለ? እኔና ሙሉ ደብተራችን ውስጥ ነበር። አወጣን። ሼህ ይማም ማንበብ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አረጠቡና የሙሉን ወረቀት ቅጠል በቅጠል ቆጠሩ። አምስት። የእኔን ቆጠሩ። አራት። ቆም አሉ። እንደገና ቆጠሩ። አራት። አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ ሰጡ። እሳቸውም ቆጥረው አራት አሉ።

ከላይ አንድ የቁርቁራ ፍሬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ማንም አላነሳውም።

«ቦዩ እዚህ ጋ ነው የተሰበረው» አሉ ሼህ ይማም።

ስንት ዓመት የተማረው ሰው ሁሉ ቁጥሩን ሲያይ፣ አንድም ሰው ቅጠሉን አልቆጠረም ነበር። መምህር ደረጀ ነጥቀው ገለጡት። ከጥያቄ ሃያ ዘሎ ሠላሳ ሦስት ይላል። ሲባዛ አንድ ቅጠል ቀርቷል። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሁለት ማርክ፤ ሃያ አራት ማርክ። መምህሩ ራሳቸውን ያዙ።

ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን።

«ልጄ፣ ቅጠሉ መጉደሉን አላየሽም?» አሉ ሼህ ይማም።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለፈታኙ አልነገርሽም?»

የሆነውን ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። እጄን ለማውጣት ወስኜ ነበር። አንስቼው ጆሮዬ ድረስ ደረሰ። ፈታኙ ቀና ብሎ አየኝ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ክፍሉም የሰው አገር ክፍል ነው። ደነገጥኩ። እጄ ጆሮዬ ጋ ስለነበረ ሻሼን አስተካከልኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ሁለተኛም ሻሼን አስተካከልኩ። በሦስተኛው ፈታኙ ራሱ መጥቶ፣ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪውና ሥራሽን ሥሪ አለኝ። አሰርኩት።

መጀመሪያ የሳቁት አያ ሞላ ናቸው። ከዚያ ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ጣቱን እየቆጠረ ነበር።

«ሃያ አራት ተገኘ። አሥራ ሁለት ይቀራል» አለ።

ሼህ ይማም ልክ ነህ አሉት፤ እንቀጥል። ይሄኔ ማንም ሳይጠይቃት ሙሉ ተነሳች። እሷ እንደ እኔ አይደለችም። ያ ሰማንያ ሁለትስ ለምን አይታይም? አለች። ከመጀመሪያው ሞዴል በፊት የነበረው ቅዳሜ መምህር ደረጀ ልጆቹን ሰብስበው የድሮ ጥያቄ አሠርተዋቸዋል። ሞዴሉ ላይ ግማሹ ያው ጥያቄ ነው የመጣው። እሷ ያን ቅዳሜ ጎብዬ አክስቷ ወልዳ ልታያት ሄዳ ነበር። ስለዚህ የፋጡማ ሰማንያ ሁለት የቅዳሜ ጎርፍ አለበት፤ የእኔም አርባ አራት ቅዳሜ ያመለጠው ነው አለች።

መምህር ደረጀ የቁርቁራውን ቅርንጫፍ ማየት ጀመሩ። ልጆቹ ይለማመዱ ብዬ ነው አሉ፤ ድምፃቸው የእኔን ድምፅ መሰለ።

«ከድር» አሉ ሼህ ይማም፣ «ጎብዬ ያወራኸው ሰማንያ ሁለት የጎርፉ ጊዜ ልኬት ነው። ጎርፉ ሲያልፍ ስንት እንደሚቀር ገና አላየህም።»

አባቴ አካፋው የተሰቀለበትን ግድግዳ እዚያው ሆኖ የሚያይ ይመስል ነበር። ተነስቶ የአያ ሞላን ትከሻ ሳመ። ነገ ጠዋት ቦዩ ላይ እንገናኝ አለ። አያ ሞላ ደግሞ፣ ሠላሳ ስድስቱን ይዤ ልምጣ? አሉት። ሙሉ በማን እንደወጣች ያኔ ገባኝ።

አበጋር ፍርድ ሲሰጥ ለሁሉም ሰው ይሰጣል። መምህር ደረጀ ከእንግዲህ ወረቀት ሲታደል ቅጠል እንዲያስቆጥሩ ተባሉ። የእኔ ፍርድ አጭር ነበር። በዋናው ፈተና እጅሽን ታወጫለሽ ተባልኩ። ፍርድ ደግሞ ያለ ዋስ አይጸናም። ቃሌን ባፈርስ በአገር ፊት የሚያፍርልኝ ሰው መኖር አለበት። ማን ዋስ ይሁናት? ሲባል አያ ሞላ «እኔ» አሉ። ማርካችንን ሰረቁ የተባሉት ሰው ራሳቸው።

ሰኔ መጣ። ሮቢት ሄድን። ሙሉ ከእኔ ሁለት ወንበር ኋላ ደረሳት። የጥያቄ ወረቀት ታደለ። አውራ ጣቴን አረጠብኩና ቅጠሉን ቆጠርኩ። ሁሉም አለ። ሁለተኛ ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም።

እንዴት እንደደነገጥኩ ልነግራችሁ አልችልም። ሼህ ይማም ያሉት እጅሽን ታወጫለሽ ነው። ከጎደለ አላሉም። አንዳች ነገር ይጉደል ብዬ ተመኘሁ። ቁጥሩን አየሁ፣ ኮዱን አየሁ፣ እርሳሴን አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። አያ ሞላ በጭንቅላቴ መጡ፤ ቁርቁራው ሥር ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ሰቀልኩት። ጆሮዬን አለፈ። ሻሼን አለፈ። እስከ ላይ ወጣ።

ፈታኟ መጡ። «ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ዋስ ስላለብኝ ነው» አልኩ።

ፈታኟ አንዴ እኔን አንዴ እጄን አዩ። ከኋላ ሙሉ ትን ሲላት ይሰማኛል። በይ አውርጂው አሉኝ። አወረድኩት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ቀለለኝ። ከዚያ የከፋ ምን ይመጣል?

ውጤቱ የወጣው ነሐሴ ላይ ነው። አጎቴ ሰይድ ቆቦ ላይ ሆኖ በስልኩ አይቶ ለእናቴ ደወለ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ወደ ማሳ ሮጥኩ። ጎርፍ የገባው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። አባቴና አያ ሞላ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ ውሃው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ሲያልፍ ያያሉ። ሙሉ እናቷ የላከችላቸውን ምሳ ይዛ ቀድማኝ ደርሳለች።

«ስንት?» አለ አባቴ።

«አማካይ ስልሳ ስድስት። ፐርሰንታይል ዘጠና አንድ።»

አንድ ልጅ፣ አንድ ፈተና፣ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቁጥር። ቀስ ብሎ ወደ አያ ሞላ ዞረ።

«የሙሉስ?»

«ስልሳ ዘጠኝና ዘጠና ሦስት» አለች ሙሉ።

የአባቴ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። መቁጠር ሊጀምር ነው። ያን ጊዜ፣ ዋስ ሳይኖርብኝ፣ ማሳ መካከል እጄን አወጣሁ። ሁሉም ደነገጡ። አባዬ አትቁጠር አልኩት። ስልሳ ስድስቱ የመለስኩት ነው። ዘጠና አንዱ ደግሞ መቶ ተማሪ ብትደረድር፣ ዘጠና አንዱ ከእኔ በታች ናቸው ማለት ነው።

«በታች?» አለ።

«በታች።»

«አንቺ ከነሱ በላይ ነሽ?»

«በላይ ነኝ።»

አባቴ ከጭቃው ቀና አለ። ዕድሜውን በሙሉ ከላይ የሚተርፈውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዘጠና አንድ ማሳ ከእሱ በታች ተሰልፎ ውሃ ሲጠብቅ የታየው መሰለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ላብ ነው አለ። ከዚያ ሙሉን አስታወሰ። ዘጠና ሦስት። ሁለት ማሳ ከእኛ በላይ።

«ይሁን» አለ። «እነሱ ላይ መሆን ልማዳቸው ነው።»

ወዲያው ቆረጠው። ስልሳ ስድስቱ ያንቺ ነው፣ ቆቦ ይዘሽው ሂጂና አሳድጊው አለኝ። ዘጠና አንዱን እኔ ጎብዬ እወስደዋለሁ። እናቴ ማታ ስትሰማ፣ ውሰደው፣ ግን እያንዳንዱን ሰው ማሻአላህ አስብል አለችው። በሬውንም ገዝቶ እንዲመለስ ተነገረው።

አሁን ቆቦ ነኝ። እኔ አጎቴ ሰይድ ቤት ነኝ፤ ሙሉ በእናቷ ወገን የሆኑ ዘመዶቻቸው ቤት ገባች። አንድ ክፍል ደረሰን። እጄን በሳምንት አንዴ አወጣለሁ፤ አንዳንዴ መልሱንም እያወቅሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆናል። የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከአሥር ነበር፤ እኔ ዘጠኝ፣ ሙሉ አምስት አመጣን። ሁለተኛው ትናንት ተመለሰ። እኔ አምስት፣ ሙሉ ዘጠኝ። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ቀነስነው፤ ከእኔ አራት ጎደለ፣ እሷ ጋ አራት ተገኘ። ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ ሽማግሌዎቹ ፋታ እስኪያገኙ ድረስ ለማንም ላንናገር ተማምለናል። አባቴ ድንገት መጥቶ ክፍላችንን እንዳያይ ብቻ ነው የምፈራው። ትምህርቱ የሚመጣው ከሰሌዳው በኩል ነው፤ ሙሉ ደግሞ የምትቀመጠው ከእኔ ፊት ባለው ዴስክ ነው።